ተለዋጭ ሹፌር

ጥቅምት 3

ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ነሽ? ባልሽ እንዴት ነው? አማትሽስ? አዲሱ እንግዳችንስ? ለሁሉም በየተራቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእንግዳው ግን እግሩን ስመሽ ነው፤ ቃል ገና አይገባውም።

መጀመሪያ ይቅርታዬን ልጨርስ። ስትወልጂ አጠገብሽ አለመሆኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ የአስተዳደሩ ሰውዬ «ገና ወንበሩን ሳታሞቂው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ምነው ስልክ ጠፋ ወይ ብለሽ በአውቶቡሱ ሹፌር ልከሽብኛል። ስልክ አለ። ግን በደወልኩ ቁጥር አማትሽ ስፒከር ላይ ያደርጉታል፤ ከዚያ ጎረቤት ሳይቀር «እንዴት ነሽ ኢንጂነሯ» ይለኛል፤ አንቺ ከሩቅ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፤ ሒሳቡም ያልቃል። ካንቺ አፍ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል ከሰማሁ ቆየሁ። ደብዳቤ ስፒከር የለውም። የመስመሩ ሹፌሮች ደግሞ ባልደረቦችሽ ናቸው፤ አንቺ ስንቱን የሰው አደራ ባደረስሽበት መንገድ የኔም ይድረስ።

አሁን ጥያቄዎችሽን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ክፍሌ ውኃ አላት፤ ለጋስ ባትሆንም። ሥራዬ የክር ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ክሩን እስኪበጠስ እጎትተዋለሁ፣ በስንት እንደተበጠሰ እጽፋለሁ። አምስት ዓመት ተምሬ ክር በጣሽ ሆኜልሻለሁ፤ ለጎረቤት እንዳትነግሪ። አለቃዬ ሴት ናት። በማሽኖቹ መካከል ጦር እንደሚገመግም ሰው ስለምትሄድ ሁሉም «ሻለቃ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይደፍርም።

በይ እንግዲህ፣ ምጡ እንዴት ነበር? ልጁስ ማንን ይመስላል?

ችኩሌሽ

ጥቅምት 11

ውድ ችኩሌ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልሽ ምንም አልሠራም። አማቴ እማማ ያጥባሉ፣ ያበስላሉ፣ ሕፃኑን ያቅፋሉ። ሲርበው ያመጡልኛል፣ ሲጠግብ ይወስዱታል። «አንቺ ብቻ ዕረፊ» ይሉኛል። እያረፍኩ ነው።

ባለቤቴ ደህና ነው፤ የሰው በርና መስኮት እየገጠመ ይውላል። ለሕፃኑ አልጋ ሠርቶለታል፤ ከዋንዛ ነው፣ ጠርዙን በእጁ ነው ያለሰለሰው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየዋል። አውቶቡሴን ለባልደረባዬ ለፉጨተኛው ሰጥተውታል አሉ። ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ለጸሎት እንደሚጎነበስ ታውቂያለሽ።

ስለ ምጡ ጠይቀሽኛል። አለፈ። ሌላ ቀን አጫውትሻለሁ። ሕፃኑ ደህና ነው፤ ክብደቱም ጥሩ ነው ብለዋል። ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ይለኛል፤ እኔም አዎ እላለሁ።

ጽሕፈቴ ከተበላሸብሽ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ሕፃኑ አይደለም የሚከለክለኝ፤ እሱ ይተኛል። እኔ ነኝ።

እህትሽ

ጥቅምት 16

እታለም፣

እንቅልፍ አጣሁ ካልሽኝ መድኃኒቱ እኔ ዘንድ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣውን ጥቅል ክፈቺው። ዘይቱ ለትከሻሽ ነው። የምትንጫጫዋ ዳክዬ ለእንግዳው ነች። በትልቁ ወረቀት ላይ ያለው የቀን ሰሌዳ ነው፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ በቀለም ስለለየሁት ለማንበብ አይከብድም። ጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ ትንሽ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ለልጁ መዝፈን፣ ከሰዓት በኋላ ንባብ። አረንጓዴው የሣቅ ሰዓት ነው። በላቦራቶሪ አብራኝ የምትሠራው ልጅ «እናት ስትደሰት ልጅም ይደሰታል» ብላኛለች፤ ስለዚህ ተደሰቺ፣ ምን ቸገረሽ?

ያልታዘብኩሽ እንዳይመስልሽ ደግሞ። የአልጋውን እንጨት ዓይነት ነገርሽኝ፤ የተኛበትን ልጅ ፊት ግን አልነገርሽኝም። ማንን ይመስላል?

ችኩሌሽ

ኅዳር 2

ውድ ችኩሌ፣

ጥቅሉ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሰሌዳውን እማማ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ቀኑ አልፎ ይሄዳል፣ እሱ ግን እዚያው ሆኖ ያየኛል።

ማንን ይመስላል ብለሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። አላውቅም። አየዋለሁ፤ የማየው ግን በመስኮት ማዶ የቆመ ሰው የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያይ ነው። ሲያለቅስ ድምፁ ይሰማኛል፣ እግሬ ግን አይነሣም። እማማ ሮጠው ይወስዱታል፣ ወዲያው ዝም ይላል። በእኔ እጅ ዝም አይልም። እሱም ሳያውቅብኝ አልቀረም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እስክትጨርሺ አትቆጪ። የእኛን ሥራ ሕግ ታውቂዋለሽ። ሹፌር ዓይኑ ከከበደው፣ ሐሳቡ ከመንገዱ ከወጣ ዳር ይዞ ያቆማል። ተለዋጭ ሹፌር ያስጠራል፣ መሪውን ያስረክባል። በዚህ ማንም አይሰድበውም። የሚሰደበው «እችላለሁ» ብሎ ሰው ይዞ ገደል የሚገባው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የሰው ነፍስ ያልጠፋብኝ ሕጉን ስለማከብር ነው።

አሁንም ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ልጁን ውሰጂልኝ፤ አንቺ አሳድጊው። አንቺ ተምረሻል፣ ትስቂያለሽ፣ የያዝሽው ነገር ሁሉ ነፍስ ይዘራል። እኔን ለይቶ ሳያውቅ ቢሆን ለእሱም ይቀለዋል። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እሺ ካልሽኝ እነግረዋለሁ።

ሐኪም እንዳትዪኝ ብቻ። የአእምሮ ሐኪም በር ላይ የታየች ሹፌር ዳግመኛ መሪ የሚሰጣት ይመስልሻል?

እህትሽ

ኅዳር 4

እታለም፣

እሺ። መቶ ጊዜ እሺ።

ደብዳቤሽን መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር፤ አንቺም ራስሽ ልጅ ነበርሽ። አዝለሽ አሳደግሽኝ። ሹፌር ስትሆኚ የመጀመሪያ ደመወዝሽ የኔ ዩኒፎርም ሆነ። እኛ ቤት ልጅ ማሳደግ የወለደ ሰው ሥራ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አሁን ተራው የኔ ነው፤ ጠየቅሽኝ እንጂ ባትጠይቂኝም ይገባሽ ነበር።

ሰፋ ያለ ክፍል አይቻለሁ፤ ሁለት መስኮት አለው፣ አከራይዋ ልጅ ትወዳለች። ፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ አለው፤ ትናንት ሄጄ አስመዘገብኩት። ዓሣ የተሣለበት ትንሽ አንሶላም ገዝቻለሁ። ለሻለቃ ስነግራት ፊቷ ትንሽ ተለወጠ፤ ግን እሷ ለደመወዝ ቀንም ፊቷን አትፈታም።

አንቺ ምንም አትጨነቂ። ያልቻለ ሰው ማስረከቡ ብልህነት ነው። ጥሩ ውሳኔ ነው የወሰንሽው። መቼ ልምጣ?

ችኩሌሽ

ኅዳር 14

እታለም፣

በየቀኑ መናኸሪያ እየሄድኩ ሹፌሩን «መልስ አለ?» እለዋለሁ። ሲያስተባብል ከርሞ ትናንት እውነቱን ነገረኝ። ደብዳቤዬን ቆመሽ አንብበሽ፣ አጥፈሽ ኪስሽ ከተሽ፣ «መልስ የለውም» አልሽው።

እኔም ሥራ ላይ ሐሳቤ ተበትኖ ክሩ ሳይጎተት «ተበጠሰ» ብዬ መዘገብኩ። ሻለቃ አየችኝ። በምሳ ሰዓት ወደ ካፍቴሪያው ጎትታ ወሰደችኝና ስለ አንሶላው ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም «ሁለተኛዬን ስወልድ እኔም ለእህቴ ልሰጠው ነበር» አለችኝ። «እህቴ እምቢ አለችኝ። በደግነቷ እንዳይመስልሽ፣ በክፋቷ ነው። ክፋቷ አዳነኝ።» ከዚያ ሳቀች። ሻለቃ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እሷው እጄን ይዛ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሲስተሯ ስላንቺ የጠየቀችኝን ግማሹን መመለስ አልቻልኩም። ሕፃኑ ሲተኛ ትተኛለች ወይ? ትበላለች ወይ? እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል ትላለች ወይ? ከዚያ ይህ ነገር ስም እንዳለው ነገረችኝ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ይባላል። በወለዱ ሰሞን ብዙዎችን ሆድ የሚያስብሰው በቀናት ያልፋል፤ ይህ ግን ይሰነብታል፣ ይከብዳል። ስንፍና አይደለም። ልጅ መጥላትም አይደለም፤ የማንም እርግማን አይደለም። ብዙ እናቶችን ይይዛል፤ ሰው ግን ስለሚያፍርበት ብቻውን ይሸከመዋል። በንግግር ይታከማል፣ በመድኃኒትም ይታከማል፤ እያጠቡ የሚወሰድም አለ።

እታለም፣ እሺታዬን መልሺልኝ። ሰሌዳውንም ከግድግዳው ላይ አውርጂው። ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ያደግሁት በአንቺ ጋቢና ውስጥ ነው። ተለዋጭ ሹፌር የሚነዳው ባለመሪው እስኪያርፍ ነው። አንቺ ከኋላ ወንበር ተኝተሽ ትነሺና መሪሽን ትረከቢ ነበር እንጂ፣ አውቶቡሱን ለሰው ሰጥተሽ በእግርሽ ወደ ቤት የሄድሽበት ቀን የለም። ተለዋጭሽ እሆናለሁ፤ ባለቤቱ ግን አልሆንም።

ሲስተሯ ቀጥ ብለሽ ጠይቂያት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባትም አለችኝ። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ? ራስሽን ወይም ልጁን ልጎዳ ብለሽስ?

ለዚህ ደብዳቤ አልጠብቅም። ይህ እጅሽ በገባበት ቀን በምሳ ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን ይዘሽ ወደ ደጅ ውጪ። አዎ ወይም አይደለም ማለት ይበቃል። አዎ ካልሽ ለባልሽ ያኔውኑ ይነገረዋል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ያይሻል። ካላነሣሽም እነግረዋለሁ። ከጀርባሽ አላደርገውም፤ ይኸው አስቀድሜ ነገርኩሽ። ብታኮርፊኝም አኩርፊኝ።

ችኩሌሽ

ኅዳር 23

ውድ ችኩሌ፣

በደወልሽ ቀን አዎ ካልኩሽ በኋላ ስልኩን ለባለቤቴ እኔ ሰጠሁት ወይስ እሱ ቀማኝ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ የሰጠሁት።

እንደ ልማዱ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ነበር። አንቺ የምትዪውን እየሰማ አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ስልኩን ሲዘጋ «እኔ እኮ አልጋውን ስላልወደድሽው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ወደ ልጁ የማልጠጋው በአልጋው ምክንያት መስሎት፣ ሌላ ሊሠራ እንጨት ገዝቶ ነበር። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ጃኬቱን ለበሰ፣ ልጁን አቀፍኩ፣ ወጣን።

ጤና ጣቢያ ያሉኝን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ አታስተኚኝም። አንቺን ያልኩሽን ለእነሱም ነገርኳቸው። ልጁን ልጎዳ ብዬ አላውቅም። እኔ ባልኖር ግን ሁሉም ቀለል ይላቸዋል ብዬ አስብ ነበር፤ ሐሳቡም እየቀረበ መጥቶ ነበር። ለጊዜው ብቻዬን እንዳልሆን ተስማምተናል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ዛሬ ተውጦ ነገ የሚያበራ አይደለም፣ ሳምንታት ይፈልጋል ብለውኛል። በሳምንት አንድ ቀን ከአንዲት ባለሙያ ጋር እነጋገራለሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥም አትቸኩልም፤ ካንቺ በጣም ትለያለች።

እማማ መጀመሪያ ተቀየሙ። «ምን አጎደልኩባት?» ብለው ቀኑን ሙሉ ድስት አጋጩ። የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ ቤት መጥታ እሳቸውንም አስቀምጣ አነጋገረቻቸው። ማጠቡና ማብሰሉ እንደሚያግዘኝ፣ ልጁን ግን እኔ ልያዝ ስል እንዲተዉልኝ፣ ልተኛ ስል ደግሞ እንዲቀበሉኝ ነገረቻቸው። እማማ አሰብ አድርገው «ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ወገቤን ባተረፍኩ» አሏት።

መልስ የለውም ማለቴ አስከፍቶሻል። ይቅር በይኝ። «ጥሩ ውሳኔ ነው» ስትዪኝ «አየሽ፣ እሷም አውቃብኛለች» አልኩ። አሁን ሳስበው በሕይወትሽ እምቢ ብለሽኝ አታውቂም፤ ያንን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁሽ።

እሺታሽን መልሼልሻለሁ። ጥያቄዬን ግን አልሰረዝኩም። ዛሬም ልጁን በእጄ ይዤው ከእኔ የተሻለ ሰው ይገባዋል እላለሁ። ባለሙያዋ «ሕመም ላይ ሆነሽ ይህን አትወስኚ፤ ይቆይ» ብላኛለች። አቆይቼዋለሁ።

እህትሽ

ታኅሣሥ 19

እታለም፣

በሰላም ገብቻለሁ። ከናንተ ዘንድ ስመለስ የነዳን ፉጨተኛው ነው፤ ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት ምስክሬ ነው።

ስታዪኝ ፈርተሽ ነበር ወይ ብለሽ በሹፌሩ ላክሽብኝ። አዎ። ስትስሚኝ እጅሽ ቅልል ብሎኝ ነበር፤ ከስቶ። ግቢው ውስጥ ሕፃኑን ይዤ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ደግሞ ልቤ ክፉ ነገር ተመኘ። ይዤው ልሂድ አለኝ። በጣም ነው የሚያምረው፣ እታለም። ተነሥተሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ግን እጅሽን ሳትዘረጊ መልሼልሻለሁ፤ አይተሻል።

የሰፋውን ክፍል ትቼዋለሁ። አንሶላውን የሻለቃ የልጅ ልጅ ወርሶታል።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ምክር እንደሌለ አስተውዪልኝ። ሦስት ጽፌ ሦስቱንም ሰርዣለሁ። ክር በጣሽ መሆን ከዚህ ይቀላል።

ስለ ጥያቄሽ አልጠይቅሽም። ሲመችሽ ትነግሪኛለሽ።

ችኩሌሽ

የካቲት 27

ውድ ችኩሌ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ በዚህ ጊዜ ቃሉን አስቤበት ነው የጻፍኩት። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፣ እውነትም ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ድነሻል ወይ ብለሽ በሹፌሩ ለላክሽብኝ፣ ገና አልጨረስኩም። ባለፈው ሳምንት መጋረጃ መክፈት ያቃተኝ ቀን ነበር። በፊት ቢሆን «ይኸው፣ እኔ ይኸው ነኝ» እል ነበር፤ አሁን «ዛሬ ጭጋግ ነው» እልና መብራቴን አብርቼ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምንገናኝ እናቶች አለን። አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ አንገቷን ደፍታ «ልጄን ሳጥበው ሰሃን የማጥብ ነው የሚመስለኝ» አለች። አጠገቧ ያለችው ፀጉር ሠሪ «ሰሃን ይሻልሻል እኮ፣ አይጮኽም» አለቻት። ክፍሉ በሣቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ድምፄን ስሰማ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ። ባንከኛዋ ከሁላችን የበለጠ ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርታ አታውቅም።

ስለ ሥራዬም ጠይቀሻል። ዴፖ ሄጄ ለስምሪት ኃላፊው ራሴ ነገርኩት፤ ከሰው አፍ ከሚሰማው ብዬ። እስክጨርስ ሰማኝና ሚስቱም ከሦስተኛ ልጃቸው በኋላ እንዲያ ሆና እንደነበር፣ እሱ ግን ያኔ ኩርፊያ መስሎት እሱም አኩርፎ እንደከረመ አጫወተኝ። ከዚያ «ሐኪምሽ ትነዳለች ብሎ ሲጽፍልሽ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ። መሪሽ የትም አይሄድም። እስከዚያ ፉጨተኛውን እንችለዋለን» አለኝ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ግንባሩ የአባታችን ነው። ቁጣው ያንቺ ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም። ባለቤቴ «ተቆጣጣሪው» ይለዋል፤ ቤት የገባውን ሁሉ ትኬት እንደሚጠይቅ ሰው ያፈጥበታል። ፍቅሩ እንዴት መጣልሽ ብትዪኝ መቼ እንደመጣ አላውቅም፤ ሰው እንደሚያወራው በአንድ ጊዜ ደረት አይሞላም። አንድ ጠዋት ጥፍሩን ስቆርጥለት ጣቴን ያዘ። ድሮ ቀስ ብዬ አስለቅቅ ነበር። በዚያ ቀን ማስለቀቁን ረሳሁት፤ ጣቴ በድን እስኪሆን ተቀምጬ ቀረሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ሰርዣለሁ። ልጁን አልሰጥሽም፤ ላንቺም ለማንም አልሰጥም። ከእኔ የተሻለ እናት በዓለም ትኖር ይሆናል። ለእሱ ግን የደረስኩት እኔ ነኝ፣ እሱም ለመድ አድርጎኛል። ናፈቀኝ ካልሽ ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ፤ እንደልብሽ እዘዪው፣ ሲመሽ ትመልሺልኛለሽ። ሻለቃን ሳሚልኝ። ክፉዋን እህቷንም ካገኘሻት ሳሚልኝ።

ሌላም የምጽፍልሽ ነበር፤ ግን ተነሥቶ እያለቀሰ ነው። እማማ እጃቸውን እያደራረቁ ብድግ አሉ፤ «ይቀመጡ እማማ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው። ልሂድ።

እታለምሽ